አየር ሲንሸራተት ለማየት ጋይንት የሄድን ሰዎች

ድሬዳዋ የተመለስኩ ሰሞን የሰፈራችን ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነበር፦ «አቦ በላይ፣ እውነት አየር ልትለካ ነው በበቅሎ ያን ሁሉ አገር የዞርከው?» አዎን፣ ለዚያ ነው። አየሩን ሳይሆን የአየሩን ዝልግልግነት ነው ብዬ ሳስረዳ ደግሞ ጭራሽ ይስቁብኛል። ለእያንዳንዱ ሰው እየደጋገምኩ ስናገር ጉሮሮዬ ስለተዘጋ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሎሚ ውኃ የሚጠጣ ሰው ጋይንት ድረስ የሚሄድበት ምንም ምክንያት የለውም። እኔም ምክንያት ባይኖረኝ አልሄድም ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በማስተምርበት ኮሌጅ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። በክፍሏ ውስጥ ደግሞ እኔው የሠራሁት መሣሪያ አለ። ሁለት የናስ ጣሳዎች ናቸው፤ ትንሿ በትልቁ ውስጥ ሳትነካው በቀጭን ሽቦ ትንጠለጠላለች። ትልቁን የአሮጌ ግራማፎን ሞተር ያሽከረክረዋል። ትልቁ ሲዞር በመካከል ያለው አየር ትንሿን ይዟት ሊዞር ይጎትታታል፤ ወፍራም ገንፎ ሲያገነፉ ድስቱም አብሮ ልዙር እንደሚለው ማለት ነው። ሽቦው ደግሞ አልለቅም ብሎ ይይዛታል። ሽቦው ላይ የተለጠፈች ትንሽ መስተዋት የፋኖስ ብርሃን ወደ ማስመሪያ ትወረውራለች፤ የብርሃኗ ጭረት የቆመችበት ቦታ አየሩ ምን ያህል እንደጎተተ ይናገራል። ሁሉም በመስተዋት ክዳን ይሸፈንና አየሩ በእጅ ፓምፕ እየተሳበ ይሳሳል፤ መሳሳቱን የሚያሳይ መለኪያ ስላለው በየቦታው እኩል ላይ እናቆመዋለን።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። አየሩ ቢሳሳ ጉተታው ይቀንሳል ብሎ የማይገምት ሰው የለም። ግን አይቀንስም፤ ብርሃኗ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። በጣም ሲሳሳ ብቻ፣ አየሩ የጣሳውን ገጽ አጥብቆ መያዙን ይተውና ሸርተት ይላል። ያኔ ብርሃኗ ጥቂት ዝቅ ትላለች። ምን ያህል ሸርተት እንደሚል የሚወስነው የጣሳው ገጽ ነው፤ ሻካራ ይሁን ልሙጥ፣ ንጹሕ ይሁን የተቀባ። እኔ መሣሪያዬ ይህን ያያል እላለሁ። የክፍሉ አለቃ ዶክተር አጥናፉ ደግሞ «ይህች የሻይ ጣሳህ እንዲህ ያለ ዓይን የላትም» ይላሉ። ክፍሌንም የወረቀት መጋዘን ሊያደርጉት፣ እኔንም ሒሳብ ወደማስተማር ሊያዛውሩኝ አስበዋል። ሒሳብ ማስተማር ነውር ሆኖ አይደለም፤ ያችን ክፍል ግን ወድጃት ነበር፣ ስነጠቅ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ፓምፓችን ደካማ ነው። ስለዚህ «ከፍ ያለ ተራራ ላይ ብንወጣ አየሩ አስቀድሞ የሳሳ ስለሆነ ግማሹን ሥራ ተራራው ይሠራልናል» አልኳቸው። ዶክተሩ አሰቡበት። አሰቡበትና «መልካም። ቆላም እንወርዳለን፣ ጉና እግር ሥርም እንወጣለን። ብርሃኗን የማነብበው ግን እኔ ነኝ፤ አንተ ማስመሪያው አጠገብ አትደርስም። ጣሳህ ከታወረች ክፍሉን ትለቃለህ» አሉ። በምን ቀን አፌን እንደከፈትኩ እንጃ።

ሰኞ ማለዳ ከደብረ ታቦር ተነሣን። ወሩ ጥር ነበር። ጥር በዚያ አገር የሠርግ ወር ነውና ደህና ደህናው በቅሎ ሁሉ ሙሽራ ጭኖ ሄዷል፤ ለእኛ የተረፉት ሠርግ ላይ ቢታዩ ባለቤታቸውን የሚያሳፍሩት ብቻ ናቸው። መሪያችን ሙላቴ የሚባል የእስቴ ሰው፣ ረጋ ያለ፣ ግን የነገሩትን ሁሉ በራሱ መንገድ የሚያደርግ ሰው ነበር። ለዶክተሩ ጆሮዋ የተቀደደ በቅሎ፣ ለእኔ ወደ ግራ ብቻ መሄድ የምትወድ በቅሎ ሰጠን፤ ለመሣሪያው ሣጥን ግን ከሁሉ የምትሻለውን መረጠ። «እናንተ ብትወድቁ አነሣችኋለሁ፤ ብርጭቆውን ግን ለቅሜ አልጨርሰውም» አለ።

ድሬዳዋ ሰው መንገድ የሚሄደው ቁጭ ብሎ ነው። ባቡሩ ይሄዳል፣ ጋሪው ይሄዳል፣ አንተ ትቀመጣለህ። በቅሎ ላይም መቀመጥ ያለ መስሎኝ ነበር። ዶክተሩ ውጭ አገር ብዙ ዓመት የተማሩ ሰው ስለሆኑ ዳገቱ ላይ በቅሎዋን በእንግሊዝኛ ለመኗት፤ ቁልቁለቱ ላይ በአማርኛ ሰደቧት፤ በሁለቱም አልሰማቻቸውም። ቀትር ላይ አንድ ሠርገኛ አገኘንና ሙላቴ ሚዜውን ያውቀው ኖሮ ከመንገድ ጎትተው አስገቡን። ዶክተሩ «ሥራ አለን» እያሉ አንድ ዋንጫ ጠላ፣ «ሥራ አለን» እያሉ ሌላ ዋንጫ ጠጡ። በኋላ ሳያቸው እስክስታውን በዓይናቸው እየተከተሉ ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል። እኔን ሲያዩ አቆሙ።

ማክሰኞ መካነ ኢየሱስ ገባን። ያረፍነው አቶ ሰይድ ከሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ነው። ከድሬዳዋ መምጣቴን ሲሰሙ ለዶክተሩ የተዘጋጀውን ትራስ ለእኔ አዛወሩት፤ በወጣትነታቸው ለንግድ መጥተው ኖሯል። «ያ ሙቀት አሁንም አለ?» ብለው የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቁ ጠየቁኝ። «አለ፣ ደህና ነው» አልኳቸው። ድሬዳዋ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ እንደሚተኛ ሲያወሩ ቤተሰቡ ሁሉ ውሸታቸውን ነው ብሎ ሲስቅ፣ እኔ ምስክር ሆኜ አዳንኳቸው።

ወይ ጣጣ፣ ጣጣው የመጣው እዚያው ነው። የመስተዋት ክዳኑን አፍ የምናሽግበት፣ አየር የማያሳልፍ ልዩ ቅባት ነበረን። ሣጥኑን ስፈትሽ ቆርቆሮው ባዶ ነው። ሙላቴን ጠየቅሁት። «የዶክተሩ በቅሎ ጀርባዋ ተልጦ ነበር» አለ፤ «እግዜር ይስጣችሁ፣ ግሩም መድኃኒት ነው። አሁን ድናለች።» ዶክተሩ የበቅሎዋን ጀርባ አዩ። እውነትም የሚያብረቀርቅ ጀርባ ነው። «ቅባቱ ከውጭ አገር ነው የመጣው» ብቻ አሉ። ሙላቴ «ያስታውቃል» አለ። ያን ቀን ዶክተሩ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ ብለው ነበር፤ አቶ ሰይድ ጓዳ ገብተው የእስቴ ማር የወጣበት ሰም በእንቅብ ባያመጡ ኖሮ ክፍሌ እዚያው አበቃላት። ሰሙን በትንሽ ሞራ አቅልጠን ክዳኑ ላይ ሞከርነው፤ አየር አላሳለፈም። የመርካቶ ሱቅ ሳያስከፍል እንዲህ ያለ ነገር አይሰጥም፤ አቶ ሰይድ ግን በኋላ እንዳይጎድለን የቀረውንም ጠቅልለው ሰጡን።

ረቡዕና ሐሙስ ወደ ስማዳ ስንወርድ ዋልን። በወረድን ቁጥር እየሞቀ ሄደ። ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ዘፈን ዘፈን አለኝ። ወደ በሽሎ ሸለቆ ስንቀርብማ ያገሬ ሽታ መጣብኝ፤ ትኩስ አቧራና የግራር ሽታ። ዶክተሩ በመሐረብ ግንባራቸውን እየጠረጉ «አንተ ለምንድን ነው የምትስቀው?» ይሉኛል። ሰው ሲሞቀው ቤቱ እንደገባ ሊደሰት ይችላል ብለው አያስቡም።

አንድ ገበሬ አስተናገዱን። እንደ ወጉ ውኃ ቀርቦ የእንግዳ እግር ሊታጠብ ሲሆን ባለቤቱ ራሳቸው ተንበረከኩ። የዶክተሩ እግር ለካ ሲነኩት ይኮረኮራል። ያ ለሰው የማይፈታው ፊታቸው ተጨማድዶ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አልስቅም ብለው ሲታገሉ ባለቤቱ ቁስል የነኩ መስሏቸው «አይዞዎት ጌታዬ፣ ይታገሡኝ» እያሉ ይበልጥ ቀስ ብለው ያሿቸው ጀመር። ቀስ ሲሉማ ባሰባቸው። በመጨረሻ ከት ብለው ሲስቁ ሴቶቹ ከጓዳ ወጥተው አዩአቸው። ከኮሌጁ ማንም ይህን አላየም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ እነሆ አሁን ጻፍኩት።

ዓርብ ጠዋት በሩን ዘግተን፣ ፋኖስ አብርተን ለካን። ፓምፑን ሳንነካ፣ በደህናው አየር ብርሃኗ ወጥታ ቆመች፤ ዶክተሩ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። እኔና ሙላቴ እየተፈራረቅን ፓምፑን ስንገፋ ቆየን። ብርሃኗ ንቅንቅ አላለችም፣ አላለችም፣ አላለችም፤ መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ክር ያህል ወረደች። ልቤ ዘለለ። ዶክተሩ ሁለተኛውን ምልክት አደረጉና «ወርዳለች። ግን ሰሙ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፑ ያነቃነቀው ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል» አሉ። ያ ሁለተኛው ምልክት ከዚያ በኋላ ስሙ የስማዳ ምልክት ሆነ። አደራ፣ እንዳይረሳ።

ቅዳሜ ወደ ጋይንት ወጣን። እሑድ ቤተ ልሔም ደረስን። ከመላ አገሩ ዜማ ሊማሩ የሚመጡባት ደብር ናት፤ መንገዱ ሁሉ የቆሎ ተማሪ ነው። አንድ አዛውንት መሪጌታ በአክብሮት ተቀብለው መጠለያ ሰጡን። ሙላቴ «መምህር ናቸው» ብሎ ስላስተዋወቀኝ «የምን መምህር ነዎት? የድጓ ነው?» አሉኝ። አይደለም አልኩ። «የዝማሬ? የቅኔ?» አይደለም አልኩ። «ታዲያ የምን?» «የአየር» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ለዶክተሩ በዝቅታ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏቸው። ዶክተሩም «ቆይቷል» አሉ።

መለካት ስንጀምር ብርሃኗ ማስመሪያው ላይ መዝለል ያዘች። እኔ ሽቦው ተበላሸ ብዬ አመድ መሰልኩ። ዶክተሩ ክንዳቸውን አጣጥፈው «ይኸውልህ» አሉ። ጆሯችንን ስንሰጥ ለካ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከበሮ እየተመታ ኖሯል፤ መሬቱ በነዘረ ቁጥር ብርሃኗም አብራ ታሸበሽባለች። ለመሪጌታው ለምን እንደምንጠብቅ ነገርናቸው። «እንግዲህ ጣሳው ካሸበሸበ ምን ይደረጋል፤ እስኪጨርስ ይጠበቃል እንጂ» አሉና እየተሳሳቁ ንፍሮ አስቀረቡልን። ከበሮው ሲያበቃ ለካን። ሁለቱም ምልክቶች ከስማዳዎቹ ጋር አንድ ሆኑ። የቆላና የደጋ ሙቀት የሚያመጣውን ልዩነት በሒሳብ ስናስተካክለው ማለቴ ነው። እኔ ልበር ደረስኩ።

ዶክተሩ ግን እንዲህ አሉ፦ «በላይ፣ ክፍልህ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ መልስ የሚመልስ ተማሪ ገጥሞህ አያውቅም? ዐዋቂ ነው ማለት አይደለም። አንዲቷን መልስ ሸምድዶ ይሆናል። ጣሳህ ሌላ ነገር ሲቀርብላት ሌላ መመለስ መቻሏን በምን አውቃለሁ?» በጣም የከፋው ነገር ደግሞ እውነታቸውን መሆኑ ነው። እኔ ይዤ የመጣሁት አንድ ጥንድ ጣሳ ነው፤ ገጹም አንድ ነው። ሌላ ምን ላቅርብላት? ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ ሁሉ ገለባ ገለባ አለኝ።

ሰኞ ንፋስ መውጫ ገባን። ለቦታው ስም ያወጣ ሰው አልዋሸም። ድሬዳዋ ነፋስ ሲመጣ በር ከፍተን «ግባ» እንለዋለን፤ እዚህ ነፋሱ በሩን ራሱ ከፍቶ ገብቶ ብርድ ልብስህን ይዞ ይወጣል። ሁለት ካፖርት ደርቤ ተኛሁ። ዶክተሩ «ብርድ የአእምሮ ጉዳይ ነው» ብለው በአንድ ጋቢ አደሩ። ማክሰኞ ጠዋት ሲነሡ አፍንጫቸው ተደፍኖ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ «ደህና አደርክ» ያሉኝ በሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ማክሰኞውን እንደምንም ተገፍተን ጉና እግር ሥር፣ ግራዝማች አያሌው ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት ደረስን። ከዚያ በላይ የምንወጣበት አቅም አልነበረም። ግራዝማች ጆሯቸው የደከመ፣ የተነገራቸውን ሁሉ «ይሁን» የሚሉ ሰው ናቸው። ቤቱን የያዙት ባለቤታቸው እሜቴ የሻረግ ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የማይታዘዙ አገልጋዮቻቸውን ትተው ሥራውን ራሳቸው የሚሠሩ። ዶክተሩን ገና ሲያዩ «ይህ ሰውዬ ታሟል» ብለው ከእሳቱ ዳር አስተኟቸው። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ትኩስ ተልባ ሲያጠጧቸው፣ ፌጦ ሲቀቧቸው፣ በቁጣ ሲያስተኟቸው ዋሉ። ዶክተሩ ‹ይህን አልወድም› ለማለት ሦስት ጊዜ ሞክረው አልተሳካላቸውም።

እኔም እሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ ለእሜቴ ጭንቀቴን ሁሉ ተነፈስኩ፤ ስለ ክፍሌ፣ ስለ ጣሳዎቹ፣ ዶክተሩ ተኝተው ስለነበር ስለ ዶክተሩም። «እና ይህ ዕቃ ካልሠራ፣ ልጄ፣ ከሥራህ ያስወጡሃል?» አሉ። «ከክፍሌ ያስወጡኛል።» «በል አይዞህ» አሉና ሣጥኔን በዓይናቸው መዘኑት። ያን መመዘን ልብ ብዬ ባየው ኖሮ።

ሐሙስ ማለዳ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሽቦውን ምንጊዜም ነቅዬ በኪሴ ነው የምይዘው፤ ጣሳዎቹን ግን በጨርቅ ጠቅልዬ ገለባ ውስጥ ነበር የተውኳቸው። ጨርቁን ስፈታ ወተት ወተት፣ ጭስ ጭስ ሸተተኝ። እነዚያ እንደ መስተዋት የወለወልኳቸው ጣሳዎች ውስጣቸውም ውጫቸውም ጥቁር ቡናማ ሆነዋል። እሜቴ ከጓዳ ብቅ ብለው «ወይራ አጥኜልሃለሁ» አሉ ደስ ብሏቸው፤ «ስከፍተው ብረት ብረት ይላል። ያልታጠነ ዕቃ እንኳን ሥራ ሊሠራ ወተት አይዝም። እስኪያድር ነው ያጠንኩት።» በዚያ አገር የወተት ዕቃ ሳይታጠን አይነካም፤ የእንግዳ ዕቃ ደግሞ ከቤታቸው ሳይታጠን ከወጣ ለባለቤቷ ነውር ነው። ምን ልበል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ልወለውለው ጨርቅ ስፈልግ ዶክተሩ ከኋላዬ «ግጠመው፣ ዛሬ ተሽሎኛል» አሉ። በፋኖሱ ደብዛዛ ብርሃን ጥቁረቱን አላዩትም፤ አፍንጫቸውም ድፍን ነው፤ በዚያ የጭስ ሽታ መካከል ቆመው ምንም አይሸታቸውም። ገጠምኩት። በደህናው አየር ብርሃኗ የመጀመሪያው ምልክት ላይ ቆመች። ፓምፑን ገፋን። ገፋን። ብርሃኗ ጥቂት ወረደችና ከስማዳ ምልክት በላይ ቀረች። ዶክተሩ ዓይናቸውን አሹ። እንደገና አነበቡ። ፓምፑን እንደገና አስገፉን። አሁንም እዚያው ናት።

«ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«እኔ ምንም አላደረግሁም። እሜቴ ናቸው ያጠኑት።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ዶክተሩ ጣሳዎቹን አውጥተው፣ በጣታቸው ነክተው፣ ጥላሸቱን አዩ። «ገጹ ሻክሮ አየሩ ሸርተት ማለቱን ቀንሷል። ይህ ከሆነ ጣሳህ የገጽ ለውጥ አይታለች ማለት ነው» አሉ፤ የእኔ ፊት ሲበራ ግን ቶሎ ብለው «ወይም ደግሞ ትናንት ስተኛ ሽቦውን ነካክተኸዋል። ማን ያውቃል» አሉ። ይህን ሲሉ በጣም ተናደድኩ። ድካም ነው፣ ብርድ ነው እላለሁ ዛሬ፤ ያን ጊዜ ግን ሽቦውን በቅሎ ላይ እንደታቀፉት ሕፃን በኪሴ ይዤው እንደመጣሁ እየነገርኩ ጮህኩባቸው።

እሜቴ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። የሰሙት ‹እሳቸው ስላጠኑት ነው› የሚለውን ብቻ ነው። ፊታቸው ተለወጠ። ሁለቱንም ጣሳዎች ከዶክተሩ እጅ ነጥቀው ወደ ጓሮ ሮጡ። እስክደርስ ድረስ በአመድና በድሪቶ እየፈተጉ ነበር። «በእኔ ምክንያትማ ልጄ ከእንጀራው አይወጣም» ይላሉ፣ ይፈትጋሉ። ጥላሸቱ በሙሉ ሄደ። ያቺው አንዲት ማስረጃዬ ውኃ ሆና ወደ ጎመኑ መደብ ስትወርድ ዓይኔ እያየ ቀረሁ። ሙላቴ «አሁን ጸዳ» አለ።

ምን አማራጭ አለ፤ የተፈተገውን ገጠምን። ብርሃኗ ወርዳ የስማዳው ምልክት ላይ ቁጭ አለች። ዶክተሩ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እሜቴ፣ አንድ ጊዜ ያስቸግሩልኝ። ጣሳዎቹን ይውሰዱ። ከፈለጉ እንደገና ይጠኑት፣ ከፈለጉ እንደገና ይጠቡት። የቱን እንዳደረጉ ለእኔም ለበላይም እንዳይነግሩ። በጨርቅ ሸፍነው ያምጡልን፤ ሙላቴ በጨለማው ይግጠመው። ጣሳዋ ዓይን ካላት እኔ ብርሃኗን ብቻ አይቼ እነግርዎታለሁ።» ሙላቴ እኔ ስገጥም ደጋግሞ አይቶ ስለለመደ ሽቦውን በአደራ ሰጠሁት።

እሜቴ ጠረጠሩ። «ተሳስቼ እንደሆነስ? ልጁን ልታስወጡት ነው?» አሉ። «አንቺ ሴት፣ የተባልሽውን አድርጊ» አሉ ግራዝማች፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይሰሙ። እሜቴ ጣሳዎቹን ይዘው ጓዳ ገቡ። ምሳ ደርሶ ነበር፤ ማንም አልቀረበም። እኔ ግድግዳው ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ከጓዳ ጭስ ይሸተኝ እንደሆነ እያሸተትኩ፣ ቤቱ ሁሉ ሁልጊዜ ጭስ ስለሚሸት ምንም ሳልለይ ቆየሁ። ክፍሌ በዚያች ሴት እጅና በዚያ በጉንፋን በተደፈነ ሰው ዓይን መካከል ነበረች።

ጣሳዎቹ ተሸፍነው መጡ። ሙላቴ በጨለማ ገጠመ። በሩ ተዘጋ። ፓምፑን ስገፋ ጩኸታችንን ሰምተው ከጎረቤት የመጡት ሰዎች ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩ ነበር፤ ምን እንደሚያዩ ግን ማንም አያውቅም። ብርሃኗ መውረድ ጀመረች። ስማዳ ምልክት ደረሰች። አላቆመችም። ከምልክቱ በታች ወረደችና ቆመች።

እኔ አበቃልኝ። ከላይ ብትቀር ታጥኗል፣ ምልክቱ ላይ ብትቆም ታጥቧል፤ ከታች ግን ምንም አልነበረም። ጣሳዋ ተቃውሳለች አልኩ በልቤ፣ ሒሳቡንም አስተምራለሁ።

ዶክተሩ ወደ ማስመሪያው ተጠግተው ብዙ ቆዩ። «አልታጠነም» አሉ። «አልታጠበምም። አየሩ ከሁለቱም የበለጠ ሸርተት ብሏል። ይህ ሌላ ነገር ነው።» ከዚያ ቀና ብለው «እሜቴ፣ ምን አደረጉት?» አሉ።

የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እሜቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «አይ፣ እኔ እንጃ» አሉ። «እጠኑት አላችሁ፣ እጠቡት አላችሁ። ሲታጠን ሲታጠብ ውሎ ሆዱ ደርቆ አየሁት። አሳዘነኝ። ትንሽ ቅቤ ዳበስ አደረግሁት።»

ከዶክተሩ ደረት የወጣው ሳቅ የስማዳውን የእግር እጥበት አስረሳኝ። ሳቁና ሳቁና አስነጠሱ፤ አስነጥሰው እንደገና ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ጣሳዬ ማንም ያልነገራትን ቅቤ አይታለች፤ ፓምፑ አጠገብ ቁጭ አልኩ፣ በደስታ አለቀስኩ፣ ከማንም አልተደበቅሁም።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ገበታው ተዘርግቶ እጅ ማስታጠቢያ ሲመጣ እሜቴ ኩስኩስቱን ከአገልጋይቱ ተቀብለው ራሳቸው ያዙት። ለግራዝማች አፈሰሱ፣ ለሙላቴ አፈሰሱ፣ ለእኔ አፈሰሱ። ዶክተሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ዶክተሩ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ውኃ የለም። ቀና ብለው አዩአቸው።

«ልጁን ከክፍሉ ያስወጡታል?» አሉ እሜቴ፣ ኩስኩስቱን ቀጥ አድርገው እንደያዙ።

ዶክተሩ ወደ ገበታው አዩ። ወደ እኔ አዩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

«አላስወጣውም» አሉ። «ክፍሉ የእሱ ነው።»

እሜቴ ኩስኩስቱን አዘነበሉት።